ቢላው አልቋል፤ አፎቱስ? ለጀማሪ ቢላ ሠሪዎች ስለ ቆዳ ሥራ

በትምህርት ክፍላችን በትርፍ ጊዜያቸው ቢላ የሚሠሩ ተማሪዎች ቁጥር እየጨመረ ነው። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጦ፣ በግራይንደር ቀርጾ፣ አግሎ ዘይት ውስጥ ነክሮ፣ ከዚያ መልሶ በለስላሳ ሙቀት አብስሎ፣ የወይራ እጀታ ገጥሞ የሚያወጣ ሰው ዛሬ በየሴክሽኑ አይጠፋም። ስለ ብረቱና ስለ ስለቱ ሻይ ቤት ውስጥ ሳይቀር ስንከራከር እንውላለን። ስለ አፎቱ ግን የሚያወራ የለም። አፎት ስል ቢላው የሚገባበትን የቆዳ ቤት ማለቴ ነው፤ ለጎራዴ ሲሆን ሰገባ የሚለው ቃል ይዘወተራል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሴሚስተር የሆነ ነገር ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ የሠራውን ቢላ በካርቶን ጠቅልሎ በፕላስተር አሰረና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ታክሲ ውስጥ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲሄድ መኪናው ድንገት ፍሬን ያዘ፤ የቢላው ጫፍ ካርቶኑንም ቦርሳውንም በስቶ አጠገቡ የተቀመጡ እናት ጭን ላይ ደረሰ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሴትዮዋ ጉዳዩን አላካበዱትም፤ ሦስት ቦታ ተሰፍተው ዳኑ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወርክሾፕ ኃላፊያችን «አፎት የሌለው ቢላ ከዚህ በር አይወጣም» ብለው ወሰኑ። ልክ ናቸው።

ውሳኔው ሲወጣ ታዲያ ችግሩ መልኩን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። ሰው ሁሉ ከአሮጌ ጃኬትና ከተጣለ ቦርሳ ቆርጦ፣ በልብስ መርፌ ሰፍቶ «ይኸው አፎት» ማለት ጀመረ። ካርቶን ውስጥ ያለን ቢላ ሰው ቢያንስ ይጠነቀቀዋል። ቆዳ ውስጥ ሲያየው ግን ያምነዋል፣ ወገቡ ላይ ያንጠለጥለዋል፣ ለታናሽ ወንድሙም «ያዝ» ብሎ ያቀብለዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን ሁሉ ባታደርጉ እንኳ ስለ ቆዳው ዓይነትና ስለ «መሐል ገቡ» የምለውን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ቆዳ ሁሉ ለአፎት አይሆንም

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በየበዓሉ ማግስት ቆዳ የሚገዛ ጠፍቶ መንገድ ዳር ተጥሎ እናያለን። ስለዚህ ጀማሪው ቆዳ ማግኘት ችግር ይሆናል ብሎ አያስብም። ነገር ግን ጥሬ ቆዳ ሌላ፣ የለፋ ቆዳ ሌላ ነው። የለፋውም ቢሆን በምን እንደለፋ መታወቅ አለበት።

ዛሬ በዓለም ላይ ከሚመረተው ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። ዘዴው በፋብሪካ ደረጃ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረውን የማልፋት ሥራ ወደ አንድ ቀን ገደማ አወረደው። ጃኬቱ፣ የሴት ቦርሳው፣ የጫማው ፊት፣ የሶፋው ልባስ በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው። ለስላሳ ነው፣ ውሃ ቶሎ አይጠጣም፣ ሙቀትም ይችላል። ለልብስ የሚያስመርጠው ይኸው ጠባዩ ለአፎት ግን አይሆንም። አርጥባችሁ በቢላው ቅርጽ ብትጫኑት ሲደርቅ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ልፍስፍስ ስለሆነም የቢላው ጫፍ ወዲያና ወዲህ ይሄድበታል። በዚያ ላይ ውስጡ የቀረው ጨውና አሲድ እርጥበት ባገኘ ቁጥር ብረቱን ያዝገዋል።

እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ተከራክረን ነበር። «ክሮምማ ዝገት ይከላከላል እንጂ እንዴት ያዝጋል?» ይላሉ። ዝገት የሚከላከለው ብረቱ ውስጥ ተዋሕዶ የሚገኘው ክሮሚየም ነው፤ እሱም መጠኑ 10.5% እና ከዚያ በላይ ሲሆን። እኛ የምንጠቀምበት የባሌስትራ ብረት ብዙውን ጊዜ ከ1% በታች ነው ያለው። ቆዳው ውስጥ ያለው ክሮም ደግሞ ጨው ነው፤ ለብረቱ የሚያደርግለት ነገር የለም።

ለአፎት የሚፈለገው በዕፅዋት የለፋው ቆዳ ነው። የሚያለፋው ታኒን ይባላል፣ ከዛፍ ልጣጭ፣ ከቅጠልና ከፍሬ ይገኛል። ገጠር ያሉ ቆዳ አልፊዎቻችን ለዚህ ከሚጠቀሙባቸው አንዱ ሁላችንም በልጅነታችን ኳስ አድርገን የተጫወትንበት የእምቧይ ፍሬ ነው። በዕፅዋት የለፋ ቆዳ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ የሰጣችሁትን ቅርጽ ይዞ ይጠነክራል። አፎት ማለት በቃ ይህ ነው።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው? ጠርዙን በስለት ቆረጥ አድርጋችሁ እዩት። መሐሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ወይም የገለባ ቀለም ካለው ብዙውን ጊዜ በዕፅዋት የለፋ ነው፤ ቀለም እስከ ውስጥ የተነከረ ሊሆን ስለሚችል ግን በዚህ ብቻ አትመኑ። አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። በዕፅዋት የለፋው ወዲያው ይጠጣውና ቦታው ይጠቁራል፤ ክሮሙ ላይ ጠብታው ተንከባሎ ይቀራል። አንዳንድ ሰው ቁራጩን በእሳት አቃጥሎ ከአመዱ ለመለየት ይሞክራል። እኔ አልመክርም፤ ክሮም ያለበት ቆዳ ሲቃጠል ለጤና መጥፎ የሆነ የክሮም ዓይነት ሊፈጠር ይችላልና።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለትንሽ የወጥ ቤት ቢላ 2.5ም ይበቃል። ካሊፐር እጃችሁ ላይ አለ፣ ሳትለኩ አትግዙ። ደገኛው በጋችን ለጓንት የሚሆን ስስና ጠንካራ ሌጦ በመስጠት በውጭ አገር ስም ያለው ነው፤ ይሁን እንጂ ስስነቱ ራሱ ለአፎት አያበቃውም። እናንተ የምትፈልጉት የከብት ቆዳ ነው። የጫማ ሶል፣ ቀበቶ ወይም ኮርቻ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ሄዳችሁ ቁርጥራጭ ጠይቁ። ለአንድ አፎት ከሁለት መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ ይበቃል፤ ለእነሱ ትርፍራፊ ነው።

አንድ ነገር ሳላነሳ አላልፍም

እኔ የቆዳ ስፌት የተማርኩት መርካቶ ከሚገኙ አንድ አዛውንት ጫማ ሠሪ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ቤት ውስጥ ወሬው ሲሰማ አያቴ ሳቅ እያሉ፣ ግን ከልባቸውም ጭምር፣ «ኢንጂነር ትሆናለች ስንል ፋቂ ልትሆን ነው እንዴ?» አሉ። ብረት ስቀጠቅጥ እንኳ ችለውኝ ነበር፤ ቆዳው ግን ከበዳቸው።

ይህ የአያቴ ብቻ አይደለም። ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ብረት የሚሠራውን ቀጥቃጭ፣ ሲብስም ቡዳ እያልን የኖርን ሕዝብ ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። የሚገርመው ግን የሚሳደበው ሹም ራሱ የሚታጠቀው በቀጥቃጭ የተሠራ ጎራዴ፣ በባለ ቆዳ እጅ በተሰፋ ሰገባ ውስጥ ነበር። የአፋር ጊሌ፣ ያ ወገብ ላይ የሚታጠቁት ቆልመም ያለ ባለ ሁለት ስለት ጩቤ፣ በቆዳ አፎቱ ሲታይ ብረቱና ቆዳው አብረው የታሰቡ መሆናቸው ያስታውቃል። እኛ ዛሬ ብረቱን «ኢንጂነሪንግ» ብለን አክብረን ቆዳውን ለሌላ ሰው የምንተወው የዚያው የድሮ ልማድ ርዝራዥ ይመስለኛል።

እኒህ ጋሼ ብዙ አያወሩም። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ቀዳዳው ስንት ሚሊ ሜትር መሆን እንዳለበት ስጠይቃቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ስለ ቀዳዳው አትጠይቂኝ፤ ክሩን አሳዪኝ» አሉኝ። የቀዳዳው ስፋት የሚወሰነው በክሩ ውፍረት ነው ማለታቸው ነው።

የአፎት ልቡ «መሐል ገብ» ነው

በጣም ቀላሉ አፎት አንድ ቆዳ በቢላው ጀርባ በኩል ታጥፎ በስለቱ በኩል የሚሰፋው ነው። ጀማሪ ሁሉ ከዚህ ቢጀምር ጥሩ ነው። አሁን አስቡት። ስለቱ የት ነው ያለው? ስፌቱ ጋ ነው። ቢላውን ባወጣችሁና ባስገባችሁ ቁጥር ስለቱ ክሩን ይዳብሰዋል። ጥሩ አድርጋችሁ የሳላችሁት ቢላ ከሆነ ክሩ ብዙ ቀን አይቆይም። አንድ ቀን ስፌቱ ተተርትሮ ስለቱ በጎን ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አፎቱን ጨብጦ የያዘው ጣታችሁ ነው እዚያ ያለው።

መፍትሔው በሁለቱ የቆዳ ገጾች መካከል፣ በስፌቱ መስመር ልክ ሌላ ቀጭን የቆዳ ዘለላ ማስገባት ነው። እኛ ወርክሾፕ ውስጥ መሐል ገብ እንለዋለን። ስለቱ የሚያገኘው ይህን ቆዳ ነው እንጂ ክሩን አይደለም። ውፍረቱ ከቢላው ጀርባ ውፍረት ጋር እኩል ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ይሁን። ጀርባው 4 ሚሊ ሜትር የሆነ ቢላ 4 ሚሊ ሜትር መሐል ገብ ይፈልጋል፤ ቆዳችሁ 3 ከሆነ አንድ ስስ ንብርብር ጨምሩበት። ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ስፌቱ ከውጭው ጠርዝ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ቢሄድ፣ በስለቱና በክሩ መካከል 6 ሚሊ ሜትር ቆዳ ይቀራል። ጫፉ ጋ ስትደርሱ ሰፋ አድርጉት፤ ሰው ቢላውን ገፍቶ ሲያስገባ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና።

ባለ ሁለት ስለት ጩቤ ለመጀመሪያ ሥራ አትምረጡ። መሐል ገቡ በሁለቱም በኩል ስለሚያስፈልግ ቆዳው አይታጠፍም፤ ሁለት ገጽ ተቆርጦ ዙሪያውን መሰፋት አለበት።

ንድፉን ወረቀት ላይ አውጡ። አንድ መስመር ሥሩና የቢላውን ጀርባ መስመሩ ላይ አስተኝታችሁ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተሉ። ከዚያ በስለቱ በኩል የጀርባውን ውፍረትና ተጨማሪ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ጨምሩ። የእጀታው አንድ ሦስተኛ ያህል ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፤ ቢላውን ሳይወድቅ የሚይዘው ይህ ነው። ወረቀቱን አጥፋችሁ በሌላውም ጎን ቅዱት። ቀበቶ የሚያልፍበትን ጆሮ በጀርባው ገጽ ላይ ከላይ አስረዝማችሁ ቁረጡና ወደ ታች አጥፋችሁ መልሳችሁ ስፉት። ይህን ጆሮ ገና ቆዳው ጠፍጣፋ ሳለ መስፋት አለባችሁ፤ አፎቱ ከተዘጋ በኋላ እጅ አይገባም።

ስፌቱ

መሐል ገቡንና ሁለቱን ገጾች መጀመሪያ በማስቲሽ አጣብቋቸው። ሁለቱንም ፊት ቀብታችሁ፣ ሲነካ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ግጠሙት። መስኮት ክፈቱ፤ የማስቲሽ ሽታ ቀልድ አይደለም።

የቀዳዳዎቹን ርቀት ለማመልከት የተለየ መሣሪያ ባይኖር ጥርሶቹ እኩል የሆኑ የገበታ ሹካ ይበቃል። አንዱን ጥርስ የመጨረሻው ምልክት ላይ እያሳረፋችሁ ወደፊት መሄድ ነው። ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ርቀት ተስማሚ ነው፤ በጣም ካቀራረባችሁት ቆዳው እንደ ቴምብር ወረቀት ይቀደዳል። ለመብሳት ወስፌ ጥሩ ነው። እኛ ግን ድሪል አለንና ሦስት ንብርብር ለመብሳት ጉልበት ያነሰው ሰው በ1.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ቀጥ አድርጎ ቢበሳው አልከራከርም። ልዩነቱ ወስፌ ቆዳውን ገፍቶ ሲያልፍ ቀዳዳው ተመልሶ ክሩን ይይዘዋል፤ መሰርሰሪያ ግን ቆዳውን አንስቶ ስለሚጥል ቀዳዳው እንደተከፈተ ይቀራል።

የቆዳ ሰው ስፌት ከልብስ ስፌት ይለያል። አንድ ክር፣ ሁለት መርፌ ነው። ክሩን ከስፌቱ ርዝመት አራት እጥፍ ያህል ቁረጡና በንብ ሰም እሹት። በሁለቱም ጫፍ መርፌ ሰኩ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ አንዱ መርፌ ከግራ፣ ሌላው ከቀኝ ያልፋል፤ ከዚያ ሁለቱንም እኩል ሳቡ። የመኪና ስፌት ላይኛውና ታችኛው ክር እርስ በርስ ተቆላልፈው ስለሚያዙ አንዱ ሲበጠስ ጎረቤቱም ይላላል። በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን አንድ ቦታ ቢቆረጥ እንኳ ሌላው መስመር እያንዳንዱን ቀዳዳ ይዞ ይቆያል። የሰሙ ጥቅም ደሞ ክሩን ከውሃ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ቀዳዳው ውስጥ እንዲነክስ ማድረግ ነው። መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ቁረጡት። አፎቱን ሞርሳ ላይ ስታስሩት ከንፈሮቹን በእንጨት ወይም በቆዳ ሸፍኑ፤ ያልተሸፈነ የሞርሳ ጥርስ ያተመው ቆዳ አይለቅም።

ውሃውና የብረት ብናኙ

ስፌቱ ካለቀ በኋላ አፎቱን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ የአየር አረፋው እስኪቆም ድረስ አቆዩት፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ሙቅ ውሃ እንዳትጠቀሙ። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ሲበዛበት ይኮማተርና እንደ ቀንድ ይደርቃል፤ እሱን የሚመልስ ነገር የለም። ቢላውን ዘይት ቀብታችሁ በስስ ፌስታል ጠቅልሉና አስገቡት። ከዚያ በአውራ ጣታችሁ ወይም ጠርዙ በለዘበ እንጨት የእጀታውን ቅርጽ እያከታተላችሁ ተጫኑት። እጀታው ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ጎድጎድ ያለ ቦታ ላይ ብዙ ድከሙ፤ ቢላው «ቋ» ብሎ የሚቀመጠው በዚያ ነው። ቅርጹን ሲይዝ ቢላውን አውጡና አፎቱን ጥላ ውስጥ ቢያንስ 24 ሰዓት አድርቁ። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ የማጠንከሪያው ምድጃ ላይ፣ ሁሉም አይሆንም።

ለእኛ ለብረት ሰዎች ብቻ የተሰጠ አንድ ፈተና አለ። ታኒንና ብረት ሲገናኙ ጥቁር ቀለም ይፈጥራሉ። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተጻፈበት የብረትና የታኒን ጥቁር ቀለም የተሠራው በዚሁ ውሕደት ነው። ስለዚህ ግራይንደር በሚሠራበት ክፍል እርጥብ ቆዳ ብታስቀምጡ የብረት ብናኙ ያረፈበት ሁሉ በማግስቱ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ አይታጠብም። ቆዳውን ሌላ ክፍል ሥሩት፣ እጃችሁንም ታጠቡ። አፎቱን ጥቁር ለማድረግ የምትፈልጉ ከሆነ ግን ይኸው ነገር ይጠቅማችኋል። የብረት ሱፍ ወይም ንጹህ የብረት ብናኝ ኮምጣጤ ውስጥ ክዳኑን ሳታጠብቁ ጥቂት ቀናት አቆይታችሁ፣ አጥልላችሁ ብትቀቡት ቆዳው ዐይናችሁ እያየ ይጠቁራል። ይህን ከመስፋታችሁ በፊት አድርጉት፤ ከደረቀ በኋላም በውሃ አለቅልቁት።

ሲደርቅ የተሰፋውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት፣ በ120 ጀምራችሁ በ400 ጨርሱ። ሦስቱ ንብርብር አንድ እስኪመስል ድረስ ትንሽ አርጥባችሁ በጨርቅ እሹት፣ ከዚያ ሰም አስነኩት። ገጹን ሰምና ዘይት አቅልጣችሁ በስሱ ቀቡ። በስሱ ያልኩት ዘይት የበዛበት ቆዳ መልሶ ስለሚለሰልስ ያን ሁሉ የተደከመበትን ቅርጽ ስለሚለቅ ነው። ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ገጠር ቆዳ የሚለሰልሰው በቅቤ ስለሆነ ይመስለኛል። ለአፎት ግን አይሆንም። ሲቆይ ይገማል፣ አይጥም ይጠራል።

አንድ ማሳሰቢያ ደግሞ ስለ አቀማመጥ። አፎት ለመያዣ እንጂ ለማከማቻ አይደለም። በዕፅዋት የለፋውም ቆዳ ቢሆን እርጥበት ይስባል፣ ታኒኑም አሲድነት አለው። ቢላው ለወራት የማይነካ ከሆነ ስለቱን ዘይት ቀብታችሁ ወረቀት ጠቅልላችሁ ለብቻው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት፤ አፎቱን አጠገቡ።

ከ10 ሳንቲ ሜትር ስለት ላለው የወጥ ቤት ቢላ የተሠራ ንድፍ ወርክሾፑ ውስጥ ከድሪሉ በስተቀኝ ባለው ሰሌዳ ላይ ተሰክቷል። ፎቶ ኮፒ ስታስነሱት ባለማሽኑ መጠኑን እንዳያሳንስባችሁ ንገሩት፤ ግርጌው ላይ ያለው መስመር በማስመሪያ ሲለካ ልክ 50 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት።